የልጆች ዘፈን ወርቁ የት ነው?

ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰም ብቻ ሲቀርብለት አይረካም፤ ወርቁ የተሰወረበት ይመስለዋል። ይህ ጠባይ ለቅኔ ተማሪ በጎ ነው፤ ለሥነ ቃል ተመራማሪ ግን ፈተና የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይልቁንም ስለ ልጆች ዘፈን በሚመራመርበት ጊዜ።

ለዚህ አስረጅ የሚሆነን ከእንግሊዝ አገር የሚገኝ ነው። የዚያ አገር ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ ስለ ጽጌረዳ ይዘፍኑና በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ዱብ ይላሉ። ስለ ዘፈኑ የሚነገረው ታሪክ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1665 ለንደንን የፈጀው ቸነፈር መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ጽጌረዳው በበሽተኛው ገላ ላይ የወጣው ሽፍታ፣ ማስነጠሱ የሕመሙ ምልክት፣ መውደቁም ሞት ነው። ሰምና ወርቁ እንዲህ ልክክ ሲል ማን ይጠራጠራል?

እኔም አልተጠራጠርኩም። በመምህርነቴ ዘመን ይህንኑ በእርግጠኝነት ሳስተምር አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ በዚያን ጊዜ የሰማ ሰው ጽፎታል?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቆይቼ እንደተረዳሁት ግን ኬት ግሪናዌይ እ.ኤ.አ. በ1881፣ ማለት ከቸነፈሩ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ ባሳተመችው የሥዕል መጽሐፍ ውስጥ በሚገኘው ቅጂ ማስነጠስ የሚባል ነገር ጭራሹን የለም። የቸነፈሩ ትርጓሜም በሰፊው የተወራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። የልጆችን ዘፈንና ጨዋታ በመሰብሰብ ስመ ጥር የሆኑት ባልና ሚስት፣ አዮናና ፒተር ኦፒ፣ አልተቀበሉትም።

ያማረ ታሪክ ማስረጃ ባይኖረው ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ይጎዳል እንጂ! በቸነፈር ላለቁት ሰዎች ያልዘፈኑትን ዘፈን ስናሸክማቸው የእውነተኛ ለቅሷቸውን ቦታ እንወስድባቸዋለን። ልጆቹም ቢሆኑ ዞረው፣ ዞረው፣ አብረው ወድቀው መሳቃቸው ብቻውን ለአንድ ዘፈን መኖር በቂ ምክንያት እንዳይመስለን ይሆናል።

ወደ ቤታችን እንመለስና፣ የእሹሩሩ ትርጉም ምንድን ነው ብለን ሕፃን ያዘለችን እናት ብንጠይቃት ትስቅብን ይሆናል። ቃሉ ማባበያ ነው፤ ሥራውም ማስተኛት። ነገር ግን ሕፃኑ አልተኛ ሲል ዜማው ይረዝማል፣ ስንኝም ይጨመርበታል፤ ስለ ድካሟ፣ ርቆ ስለ ቀረ ሰው፣ ገና ስላልተጋገረ እንጀራ። አድማጯ ቃል የማይለይ ስለሆነ ለጎረቤት የማትነግረውን ለእሱ ትነግረዋለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ወርቅ አለ፤ ዳሩ ግን የንጉሥ ስም ወይም የጦርነት ዘመን አይደለም። ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ማንን አዝላ እንዳዜመችው ካልተመዘገበ አይገኝም።

በወጣትነቴ ስንኝ የሰበሰብኩበት ደብተር ዛሬም አለኝ። ከእያንዳንዱ ስንኝ ግርጌ ትርጓሜውን በቀይ ቀለም ጽፌያለሁ። ያዜሙት ሴቶች ስም ግን በአንዱም ገጽ ላይ የለም።