ጠባቂና ጆሮ ጠቢ

ሰሞኑን በኤርፖርቱ የታክሲ መጠበቂያ ተራ ስንጠብቅ ከኳስና ከአገር ፖለቲካ ቀጥሎ የሚነሣው ወሬ የልጆች ስልክ ነው። «ለልጆችህ የጫንከው አፕ የትኛው ነው? በወር ስንት ትከፍላለህ? ያዩትን ሁሉ ያሳይሃል?» እንባባላለን። ሲሰሙት የማቀዝቀዣ ግዢ ይመስላል። እኔ ግን፣ ማስተማር የለመደ አፍ ዝም አይልምና፣ ከዋጋው በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ለልጃችን የምንቀጥርለት ጠባቂ ነው ወይስ ጆሮ ጠቢ?

ጠባቂ የምለው በሩ ላይ በግልጽ የሚቆመውን ነው። ልጁ ያየዋል፤ እስከ ስንት ሰዓት፣ እስከ የት ድረስ እንደተፈቀደለት ያውቃል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ፋሚሊ ሊንክና በ2018 አይፎን ውስጥ የገባው ስክሪን ታይም በአመዛኙ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ለጨዋታ ይህን ያህል ደቂቃ፣ ለመኝታ ይህን ሰዓት ተብሎ ይቆረጣል፤ ሰዓቱ ሲሞላ ይዘጋል። ጆሮ ጠቢ የምለው ደግሞ ስልኩ ውስጥ ተደብቆ፣ ልጁ ለጓደኛው የጻፈውንና የተጻፈለትን፣ የሰረዘውን እንኳ ሳይቀር፣ ወደ ወላጁ ስልክ የሚያመላልሰውን ነው። በመካከል ያሉም አሉ። ለምሳሌ ባርክ የሚባለው መልእክቱን ሁሉ ለወላጅ ከማሳየት ይልቅ አስጊ ነገር ያገኘ ሲመስለው ማስጠንቀቂያ ይልካል። እንዲህ ያለውን ከየትኛው ወገን እንደምናስቀምጠው የሚወስነው ልጁ መኖሩ ተነግሮታል ወይስ አልተነገረውም የሚለው ነው።

ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል ለእኛ ባዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ልጅ የነበረ ሰው «ቤት የሰማኸውን ውጭ እንዳታወራ» ተብሎ ያደገ ነው። እንግዳ ሲገባ የትልልቆቹ ድምፅ እንዴት ዝቅ ይል እንደነበር የምናስታውስ ብዙ ነን። ጆሮ ጠቢ እንዳለበት ከተጠረጠረ ቤት መጀመሪያ የሚጠፋው ምስጢር አይደለም፤ ጨዋታ ነው። ሰው ሁለት ቋንቋ ይማራል፤ አንዱ ለሚያዳምጠው፣ ሌላው ለራሱ። የእኛ ልጆች ደግሞ ያለዚያም ሁለት ቋንቋ አላቸው። ሦስተኛ ልንጨምርላቸው ነውን?

«ተው እንጂ፣ ያለነው የት ነው? የማላውቀው ሰው በስልክ በኩል ልጄ መኝታ ቤት ይገባል» የሚለኝ ባልንጀራዬ እውነቱን ነው። የኤፍ.ቢ.አይ. ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሲወጣ ቢያንስ 3,000 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ አብዛኞቹ ወንዶች፣ በአንድ ዓይነት ማታለያ መጠቃታቸውን ገልጾ ነበር። አጥቂው እኩያ ልጃገረድ መስሎ ይቀርባል፤ የራቁት ፎቶግራፍ ያስልካል፤ ከዚያም «ገንዘብ ካልላክህ ለቤተሰብህ እበትነዋለሁ» ይላል። ከአሥራ ሁለት የሚበልጡ ልጆች ራሳቸውን አጥፍተዋል።

ይህን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ነገር ግን ደጋግሜ ባሰብኩት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው። ያ ወንበዴ በእጁ የያዘው መሣሪያ ፎቶግራፉ ብቻ አይደለም፤ «አባቴ ካወቀ ምን እሆናለሁ» የሚለው የልጁ ፍርሃት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ነውር የሚባለው ነገር ክብደቱ ይታወቃል። ስለዚህ ልጁን በዚያች ሌሊት ሊያድነው የሚችለው ተነሥቶ የአባቱን በር ማንኳኳት መቻሉ ነው። አባቱ ለወራት በስውር ሲያነብበው እንደኖረ የደረሰበት ልጅ ያንን በር የሚያንኳኳ አይመስለኝም። በስውር የሚያነብ አባትም ቢሆን አፉ የታሰረ ነው፤ ያየውን ለመናገር መጀመሪያ እንዴት እንዳየ መናገር አለበት። ስለዚህ ያውቃል፣ ዝም ይላል፣ እራት ላይ ያለ ምክንያት ይቆጣል።

ይህ ማለት ግን የልጅ ስልክ በምንም ዓይነት አይከፈትም ማለት አይደለም። ጭስ የሸተተበት ክፍል በሩ ተሰብሮ ይገባበታል። ልጁ መብላት ካቆመ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ራሱን ሊጎዳ ነው ብሎ የሚያሰጋ ነገር ካለ አባት ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን በሩን የሰበረ ሰው እንደሰበረው ይናገራል። ደግሞም ምንም ጭስ በሌለበት በየሌሊቱ በቁልፍ ቀዳዳ ማየት ሌላ ነገር ነው።

እኔ ራሴ በአፕ ሥር የምተዳደር ሰው ነኝ። የት እንዳለሁ፣ በምን ፍጥነት እንደምነዳ፣ ፍሬን እንዴት እንደያዝኩ ይመዘገባል። ሥራ ስጀምር ተነግሮኝ የተስማማሁበት በመሆኑ አያስከፋኝም። ሆኖም ከኋላ ለተቀመጡት አሮጊት አስቤ ፍሬን በቀስታ ስይዝና ነጥቤ እንዳይቀነስ ብዬ በቀስታ ስይዝ እግሬ አንድ ነው፤ ሰውዬው ግን አንድ አይደለም። ልጆቻችን የትኛውን ሰው እንዲሆኑ ነው የምንፈልገው? ነገ ኮሌጅ ሲገቡ አፑም እኛም አብረናቸው አንገባም።

ሌላም ነገር አለ፤ ጆሮ ጠቢ ከአንድ በላይ ጌታ ሊኖረው ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የልጁን ቦታ የሚከታተልበት ላይፍ360 የተባለው አፕ የተጠቃሚዎቹን መገኛ ለመረጃ ነጋዴዎች ይሸጥ እንደነበር በታኅሣሥ 2021 ተጋለጠ፤ ከዚያ በኋላ ነበር ሽያጩን እንደሚያቆም ያስታወቀው። ኤምስፓይ ከተባለው መከታተያ ደግሞ በ2015፣ በ2018ና በ2024 የሰዎች መረጃ ሾልኮ ወጥቷል። ልጁን ከማያውቀው ሰው ልጠብቅ ያለ ወላጅ የልጁን ጓዳ ለማያውቀው ሰው የሚከፍትበት ጊዜ አለ።

ጠባቂው ይሻላል አልኩ እንጂ ይበቃል አላልኩም። አገር ቤት አስተማሪ ሳለሁ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የሚባለው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በሳተላይት የሚመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ያስተምራል፤ ለእኛ የቀሩልን በመግቢያና በመዝጊያ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ትምህርቱ ክፉ አልነበረም፤ ሥዕሉም ያምር ነበር። ግን ፕላዝማው እጅ ያወጣ ተማሪን አያይም። ያልገባው እንዳልገባው ይቀራል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። ሰዓት ቆራጩም አፕ እንደዚያው ነው። ስልኩን ይዘጋል፤ የተዘጋበት ልጅ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም። በቀን 12 ሰዓት መሪ ላይ ለምንውል ሰዎች ስልክ ሞግዚት የሆነው ልጆቻችን ስለባለጉ አይደለም፤ ቤቱ ባዶ ስለሆነ ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ የወሰዳቸውም በዚሁ ባዶ ቤት ውስጥ ነው።

ሰዓቱስ ቢሆን በምን ይለካል? የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ሲል፣ ከዚያ በላይ ለሆኑት ግን ለሁሉም የሚሆን ቁጥር አልቆረጠም። ከ18 ወር በታች ላሉት ስክሪን ይቅር ሲልም የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል። ሐኪሞቹ የእኛን ቤት ያዩ መሰለኝ። በብርድ ወራት እዚህ ዋሽንግተን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ እናቴ ተነሥታ ጸሎቷን ጨርሳ ስልክ የምትጠብቅበት ሰዓት። የልጄ ስልክ የሚዘጋውም በዚያው ሰዓት ነው። አፑ አያትን ከጨዋታ ለይቶ አያውቅም፤ «ሁልጊዜ የተፈቀደ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ማን እንደሚገባ የሚጠይቀው እኔን ነው። የዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ትልቁ ጥቅም፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህን ጥያቄ ማስነሣቱ ነው።

አንድ ባልደረባችን ደግሞ መመሪያው ስላስቸገረው አፑን የ12 ዓመት ልጁ እንዲጭንለት አድርጓል። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው። አባትየው እስከ ዛሬ ስለ አፑ ጥሩነት ይመሰክራል።

በእኛ ቤት የተደረሰበት ስምምነት አጭር ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። የሰዓት ገደብ አለ፤ የተቆረጠው አብረን ተቀምጠን ነው። መልእክቷን አላነብም፤ ጭስ ከሸተተኝ ግን እንደምገባ ነግሬአታለሁ። ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ገደቡ ይላላል፤ በየልደቷ እንነጋገርበታለን። ባለፈው ልደቷ ይዛ የቀረበችው አንድ ማሻሻያ ነበር፤ በዕረፍት ቀኔ በዩቲዩብ የማዳምጠው የአገር ቤት የፖለቲካ ትንተናም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ። ጉዳዩን ለእናቷ መርቼዋለሁ፤ ውሳኔው ገና አልወጣም።