ድንበር ስንሻገር ሐራሙ ይቀየራል?



ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ጀሞ፣ የጁምዓ ሰላት አልቆ ሰው ሲበተን አንድ ወጣት አባት የመስጂዱ በር ላይ ጠበቀኝ። ዕድሜው ከብዙዎቻችሁ አይርቅም። የስድስት ዓመት ልጁ የሚጥል በሽታ አለባት፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የምትወድቅበት ሳምንት አለ። በዚያ ዓመት ለባለቤቱ ዲቪ ደርሷት ነበር። ዴንቨር የሚኖር የአጎቱ ልጅ ደግሞ ደውሎ «እዚህ ካናቢስ ሕጋዊ ነው፤ ለእንዲህ ያሉ ሕጻናት ከእሱ የሚሠራ ዘይት አለ፤ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎታል። ዲቪ ቀን አለው፤ መስከረም 20 ካለፈ የዚያ ዓመት ዕድል ያበቃል። ኮንዶሚኒየሙን መሸጥ፣ አሮጊት እናቱን ለእህቱ ትቶ መሄድ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣበት።

«ኡስታዝ፣» አለኝ፣ «እዚህ ቢገኝብኝ የሚያሳስረኝን፣ በዲናችንም ሐራም ስንለው የኖርነውን ነገር እዚያ ሄጄ ለልጄ ብሰጣት አላህ ይጠይቀኛል? ባልወስዳትስ ይጠይቀኛል?»

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሁለተኛው ግን ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ሙፍቲ አይደለሁም፤ ያን ዕለትም ፈትዋ አልሰጠሁትም። አብረን ያሰብነውን ግን እርሱ ፈቅዶልኝ ለእናንተ ላካፍላችሁ፤ ከእናንተም ውስጥ ነገ ተመሳሳይ ሚዛን ፊት የሚቆም አይጠፋምና።

መጀመሪያ ሁለት ሚዛኖችን እንለይ፤ የአገር ሕግና የአላህን ብይን። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይከለክላል። ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝብ ድምፅ ካናቢስን ለሕክምና፣ በ2012 ደግሞ ለአዋቂዎች በሙሉ ፈቀደች። ሞሮኮ፣ የሙስሊም አገር ሆና፣ በ2021 ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚውለውን በሕግ ፈቀደች። ከዚያ በፊት በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን ካናቢስን እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ዝርዝር አውጥቶታል፤ 27 አገሮች ደግፈው፣ 25 ተቃውመው። ሁለት አገር ሐሳቡን ቢቀይር ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

የሰው ሕግ እንዲህ ነው፤ ይወጣል፣ ይሻራል፣ ድንበር ላይ ያበቃል። እዚህም ሆነ እዚያ ሕጉን ማክበር ቃል ኪዳናችን ነው። ሐላልና ሐራም ግን በቦሌ ኤርፖርት በኩል ስናልፍ አይለወጡም። ጀሞ ላይ ሐራም የሆነ ስካር ዴንቨር ላይም ሐራም ነው። ዴንቨር ላይ በእውነተኛ ችግር ምክንያት የተፈቀደ መድኃኒትም ጀሞ ላይ ስሙ ሲነሳ የሚያሳፍር ነገር አይሆንም። ስለዚህ «እዚያ ሕጋዊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ለወንድማችን መልስ አይሆነውም። መልሱ የሚገኘው ልጅቷ በእርግጥ ምን ያስፈልጋታል በሚለው ውስጥ ነው።

ዑለሞቻችን በዚህ ላይ ዝም አላሉም። ኢብኑ ተይሚያህ ሐሺሽን አጥብቀው ከልክለዋል፤ ኢማም ዘርከሺ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሐራምነቱ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፈዋል። ነገር ግን የእኛው መዝሀብ ኢማም ነወዊ፣ የበሰበሰ አካል ሊቆረጥበት ለተገደደ ሰው አእምሮን የሚያደነዝዝ ዕፅ መጠቀም እንደሚፈቀድ አጽድቀዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሐር ለወንድ ክልክል ሆኖ ሳለ፣ የቆዳ ማሳከክ ለነበረባቸው ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር (ረ.ዐ) ፈቅደውላቸዋል። በሌላ በኩል ጣሪቅ ኢብኑ ሱወይድ (ረ.ዐ) ኸምርን ለመድኃኒት እንደሚሠራው ሲነግራቸው አልተቀበሉትም፤ በሽታ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑን ነግረውታል።

እነዚህን አንድ ላይ ስናያቸው በሩ ጠባብ መሆኑን፣ ግን ጨርሶ ያልተዘጋ መሆኑን እንረዳለን። ደሩራ፣ ማለትም አስገዳጅ ሁኔታ፣ የራሱ መስፈርት አለው። ችግሩ እውነተኛ ይሁን፤ ሐላል አማራጭ ተሞክሮ ያልበቃ ይሁን፤ የሚታመን ሐኪም ይናገር፤ መጠኑም ከአስፈላጊው አይለፍ። ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 173 የተገደደን ሰው ከኃጢአት ነጻ ሲያደርግ ሁለት አጥር አብሮ አስቀምጧል፤ ፍላጎትን አለመከተልና ወሰን አለማለፍ።

እንግዲህ ወደ ሕክምናው እንምጣ። ካናቢስ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች ሁለቱን እንወቅ። ቲኤችሲ የሚባለው ነው የሚያሰክረው፤ ሲቢዲ የሚባለው አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮሎራዶ ውስጥ ድራቬት የተባለ ከባድ የሚጥል በሽታ የነበረባት ሻርሎት ፊጊ የተባለች ሕጻን ሲቢዲ በበዛበት ዘይት መሻሏ በቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ ወላጆች ቤታቸውን ሸጠው ወደዚያ ግዛት ተሰደዱ። የአጎቱ ልጅ የሰማው ወሬ ሥሩ ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። በ2017 በታተመ ጥናት ድራቬት ያለባቸው 120 ሕጻናትና ወጣቶች ተፈተኑ። የተጣራ ሲቢዲ ከሌላ መድኃኒታቸው ጋር የተሰጣቸው ልጆች መካከለኛ የመውደቅ ብዛት በወር ከ12.4 ወደ 5.9 ወረደ። በግማሽ ያህል ቀነሰ ማለት ነው፤ ጨርሶ የተዋቸው ግን በጣም ጥቂቶች ናቸው። በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ይህንኑ መድኃኒት ለተወሰኑ ከባድ የበሽታው ዓይነቶች አጸደቀ፤ በ2019 አውሮፓም ተከተለች። በሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ነው፤ በመላው አሜሪካ ሕጋዊ ነው። ሲወጣ ዋጋው በዓመት 32,500 ዶላር ገደማ ነበር።

አስተውሉ! ለዚህ መድኃኒት ካናቢስ የተፈቀደበት ግዛት መኖር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሐኪም፣ ትክክለኛ ምርመራና የጤና መድን ነው። ከካናቢስ ሱቅ የሚገዛው ዘይት ግን ሌላ ጣጣ አለው። በአሜሪካ ፌደራል ሕግ ያ ዘይት ሕጋዊ ስላልሆነ፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በ2019 ባወጣው መመሪያ ግዛቱ ቢፈቅድም ካናቢስ የተጠቀመ ወይም በዚያ ሥራ የተሠማራ ስደተኛ ዜግነት ሊከለከል እንደሚችል ገልጿል። የአጎት ልጅ ስልክ ላይ ይህን አይነግርም፤ ክፋት ኖሮት ሳይሆን ስለማያውቅ።

ወንድማችንን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። የልጅህ በሽታ ዓይነቱ ምንድን ነው? እስካሁንስ ስንት መድኃኒት ሞክራችኋል? የመጀመሪያውን አያውቀውም። ለሁለተኛው «አንድ፤ ፌኖባርቢታል። እሱም ገበያ ላይ ሲጠፋ እናቋርጠዋለን» አለኝ። በሕክምናው ዘንድ በሽታው መድኃኒት እምቢ አለ የሚባለው በትክክል የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠን ተወስደው ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከመቶ እስከ 70 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ ታማሚዎች በአግባቡ ከታከሙ ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ይህ ቤተሰብ ገና ደሩራ በር ላይ አልደረሰም ነበር። ሦስት አህጉር ርቆ ሲያይ፣ ጥቁር አንበሳ ያለውን የነርቭ ሐኪም ገና አላየውም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ሀፍረት ነው። ጎረቤት ጂን ነው ብሏል፤ ቤተሰብ ደብቋታል፤ ስትወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸትቷታል። ሩቅያ ማድረግ መልካም ነው። ነገር ግን ኢብኑል ቀዪም በዛዱል መዓድ ላይ ይህን በሽታ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ሐኪሞች የሚያክሙት እንደሆነ ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጽፈዋል። ሩቅያውን ስናደርግ ክኒኑን አናቋርጥ። ስትወድቅም በጎኗ እናስተኛት፤ አፏ ውስጥ ምንም አንጨምር፤ ክብሪቱን እንተወው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኢብኑል በድሪ አንድ ታሪክ አስፍሯል። የኸሊፋው ሹም ልጅ ይህ በሽታ ነበረበት። አንድ ገጣሚ ሐሺሽ ሰጠው፤ ልጁም ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን ያለ ሐሺሽ ለአፍታ መቆየት የማይችል ሱሰኛ ሆነ። የታሪኩን ሁለት ጎን አብረን እንያዝ። ዕፁ ጥቅም እንዳለው አባቶቻችን አልካዱም፤ ያለ ሐኪም እጅ የተወሰደ ጥቅም የሚያስከፍለውንም አልደበቁም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል። ባልወስዳትስ አላህ ይጠይቀኛል?

አንዳንድ ሰው ለዚህ አባት «ሶብር አድርግ» ይለዋል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የጥቁሯን ሴት ታሪክም ይጠቅስለታል። እርሷ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ እንደምትወድቅና ስትወድቅ ገላዋ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ምርጫ ሰጧት፤ ታግሣ ጀነት፣ ወይም እንድትድን ዱዓ። ትዕግሥትን መረጠች፤ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ዱዓ አስደረገች።

ይህን ሐዲስ ስታነቡ ሁለት ነገር እንዳያመልጣችሁ። የመረጠችው ራሷ ናት፣ ስለ ራሷ አካል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትዕግሥትን አልጫኑባትም፤ አቀረቡላት። የስድስት ዓመት ልጅ ግን አትመርጥም፤ በሌላ ሰው ሕጻን ሕመም ላይ እኛ ሶብረኞች ልንሆን አንችልም። ሁለተኛ፣ የለመነችው ክብሯ እንዲጠበቅ ነው። ያ ዛሬ በእኛ እጅ ያለ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ለወደቀች እህት ነጠላ መዘርጋት ቪዛ አይፈልግም።

ስለዚህ ለአባትየው ይህን አልኩት። አላህ ማንንም ከአቅሙ በላይ አያስገድድም። ልጅህ ዳነች አልዳነች ብሎ አይጠይቅህም፤ ፈውስ የእርሱ ነው። በእጅህ ያለውን አድርገህ እንደሆነ ትጠየቃለህ፤ በእጅህ ያለው ደግሞ የሚጀምረው ከቅርቡ ነው። ሐኪሙ ሁሉን ሞክሮ እዚህ ያለው አልበቃትም ካለህ፣ ሂድ፤ ቀና ብለህ ሂድ፤ ማንም ልጁን ይዞ ወደ ሐሺሽ አገር ሄደ ብሎ አያሸማቅቅህ። የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች በችግር ጊዜ ወደዚህች ወደ እኛ አገር ተሰደዋል።

ደግሞም ኒያህን መርምር። የኒያህ ሐዲስ ራሱ ምሳሌ ያደረገው ስደትን ነው፤ የሰው ስደት ለወጣለት ዓላማ መሆኑን ነው የሚነግረን። የምትሄደው ለሥራና ለኑሮም ከሆነ እሱም ሐላል ነው፤ ግን በስሙ ጥራው። ያን ጊዜ ሌላ ሚዛን ይመጣል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጂሃድ ሊወጣ የመጣን ሰው ወላጆችህ አሉ ወይ ብለው ጠይቀው ወደ እነርሱ መልሰውታል። ኑሮን ለማሻሻል የሚደረግን ጉዞ «ለልጄ ሕይወት» ብለን ከጠራነው እናትን ትቶ መሄድ ይቀለናል። ሕመሟን ለማናምንበት ምክንያት ሽፋን አናድርገው።

አንድ ቃል ደግሞ ለአንተ፣ ጤነኛው ወንድሜ። ማታ ማታ ከጓደኞችህ ጋር ጋንጃ እያጨስክ «መድኃኒት ነው፣ ሠለጠነው ዓለም ፈቅዶታል» የምትል ከሆነ፣ ይህች ልጅ የምትወስደውና አንተ የምታጨሰው አንድ አይደለም። እርሷ ንቃቷን ለማግኘት ነው፤ አንተ ንቃትህን ለመሸሽ። ጭንቀት ካለብህ እሱም በሽታ ነው፣ ሐኪም አለው፤ ተደብቀህ አትታከመው። የታመመች ሕጻንን ምክንያት ግን አትዋስ።

ያ ቤተሰብ ሄደ ወይስ ቀረ? እሱን አልጽፍም፤ የሰው ቤት አማና ነው። በቀጣዩ ሰኞ ግን አባትየው ልጁን ይዞ ቀጠሮ ለማስያዝ ከንጋቱ ጀምሮ ተሰልፏል። ማታ ሲደውልልኝ መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ቪዛ አልነበረም። «ኡስታዝ፣ ጎረቤቶቼን ሰብስቤ ስትወድቅ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነገርኳቸው» አለኝ።

ዛሬ ጁምዓ ነው፤ ሱረቱል ካህፍን እናንብብ፤ በነቢያችን ላይ ሶለዋት እናብዛ። ከዐስር በኋላ ባለው ሰዓት እጃችንን ስናነሳ ደግሞ ስማቸውን የማናውቃቸውን ታማሚ ሕጻናትና የጨነቃቸውን ወላጆች አንርሳ።

አላህ ሆይ! ታማሚዎቻችንን ፈውስልን፤ በሐላልህ አብቃቅተን፤ ወደምንሄድበትም ሆነ ወደምንቀርበት ኒያችንን አሳምርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።