«ተፈጥሮዬ ነው» ለምትል ነፍስ

 

ወንድሜ፣ እህቴ፤ በሱረቱል አንቢያእ 37ኛው አንቀጽ ሰው ከችኮላ መፈጠሩ ተነግሮናል። ይህን ይዘህ «እኔ ችኩል ነኝ፣ ምን ላድርግ» ብለህ ልትገላገል ትችላለህ። ያው አንቀጽ ግን ሲያበቃ ማስቸኮልን ይከለክላል። በተፈጥሮ ያለ ነገር እንዴት ይከለከላል?

የሰሜን ሸዋ መንዞች ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ነገር አላቸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርዳማ ደጋ የሚበቅለው ጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ይሆናል። ሁሉም ይፈልገዋል። አባቶች ግን «ቄሮ» በሚሉት ሥርዓት (የቅርብ ጊዜ ቃል እንዳይመስልህ፣ ዘመናት ያስቆጠረ ነው) ቦታውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ጣሪያው ቢያፈስም ማንም ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ ይዞ አይገባም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ሣሩ ለመጣ ሁሉ ክፍት ሆነ፤ ተጎዳም። የሰዎቹ ተፈጥሮ በአንድ ጊዜ የተለወጠ አይመስለኝም። የተጨመረው «እኔ ብታገሥ ሌላው ያጭደዋል» የሚል ስጋት ነው። ከእኛም ችኮላ ብዙው እንዲህ ይመስለኛል። ያልተጣራ ወሬ ቴሌግራም ላይ የምንለጥፈው እንዳንቀደም ነው። ለስድብ ወዲያው የምንመልሰው ዝም ማለት መሸነፍ ስለሚመስለን ነው።

የዐብዱልቀይስ ልዑካን መዲና ሲደርሱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለማየት ተሽቀዳደሙ። አል-አሸጅ ግን ዕቃውን ሰብስቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ቀስ ብሎ መጣ። ነቢዩም አላህ የሚወዳቸው ሁለት ባሕርያት እንዳሉት ነገሩት፤ ቻይነትና እርጋታ። «እኔ ያመጣኋቸው ናቸው ወይስ አላህ የፈጠረብኝ?» ብሎ ሲጠይቅ አላህ እንደፈጠረበት መለሱለት።

ታዲያ ያልተሰጠውስ? ለእሱም ሌላ ሐዲሥ አለ፤ ቆሞ ሳለ የተቆጣ ይቀመጥ፣ ካልበረደለት ጋደም ይበል። ትእዛዙ የተሰጠው ለልብ ሳይሆን ለእግር መሆኑን ተመልከት። መንዜውም ሣሩን መመኘት እንዲተው አልተጠየቀም፤ ማጭዱን ቤት እንዲያስቀምጥ እንጂ።

ያ ለእህትህ በንዴት የጻፍከው፣ ገና ያልላክኸው መልእክትስ? ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠህ ዒሻህን ስገድ። እስከ ሱብሒ የትም አይሄድም።