እያሳሳቀ የወሰደኝ ውሃ

የምኖረው ጭሮ ነው፤ የእኔ ዕድሜ ሰዎች ምላሳችን እያመለጠን አሁንም አሰበ ተፈሪ የምንላት ከተማ። ግቢዬ ውስጥ አንድ የውሃ ቆጣሪ አለ። ከእሱ የምንጠጣው የእኔ ቤተሰብና በሰርቪስ ቤቱ የምትኖር አንዲት ተከራይ ነን። ሴትዮዋ ወደ ሐረር በሚወስደው አስፋልት ዳር ለሾፌሮች ሻይ እያፈላች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች።

ፍጆታችን ከወር ወር ከ8 ሜትር ኩብ ፈቀቅ አይልም ነበር። ባለፈው የካቲት የመጣው ቢል ግን 41 ይላል። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት፤ ያው 41። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሃምሳ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ከወትሮው የተረፈውን 33 ሜትር ኩብ በጀሪካን ስመነዝረው 1,650 ሆነ፤ በቀን 55 ጀሪካን ማለት ነው። ይህን የሚችል ግመል በሚኤሶ ቆላም አይገኝ!

ገንዘቡ ደግሞ ከውሃው ቀድሞ ሮጧል። የከተሞቻችን የውሃ ታሪፍ ባብዛኛው በእርከን የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኩቦች ርካሽ ናቸው፤ እርከን ባለፋችሁ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይጨምራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ድሃው ለመጠጡ በርካሽ ያግኝ፣ አትክልት የሚያጠጣውና መኪና የሚያጥበው ይክፈል ነው። ችግሩ ቆጣሪ ሰው አይቆጥርም። አምስት ድሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ከጠጣ እንደ አንድ አባካኝ ሀብታም ይታያል።

ሌላም የማያውቀው ነገር አለ። ቢል ስንት እንደሄደ እንጂ ማን እንደወሰደው አይጽፍም። ስሙን የምንሞላው እኛው ነን።

እኔም መሙላት ጀመርኩ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቆጣሪ አንባቢውን ነው፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ በግምት ጽፎት ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ አየሩን ጠረጠርኩ፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧ ውስጥ የታመቀው አየር ቆጣሪ እንደሚያሽከረክር አውቃለሁ። አየርን ግን ጠርቶ መቆጣት አይቻልም። ሦስተኛዋ ሻይ ሻጯ ነበረች። ሥራዋ ውሃ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ጀሪካን ስትሞላ አያታለሁ። ያኔ ለራሴ ያልነገርኩት ሌላ ምክንያትም ነበረ፤ ከጠረጠርኳቸው ሁሉ ደፍራ የማትመልስልኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አልሰደብኳትም፤ የተማረ ሰው አይሳደብም። «ውሃ እየባከነ ስለሆነ ነው» ብዬ የግቢውን ቧንቧ በጓጉንቸር ቆለፍኩት።

«እሺ ጋሼ» አለችኝ።

መምህር ሳለሁ ስለ ተኩላውና ስለ ግልገሏ ተረት ስንት ሰዓት አውርቻለሁ! ተኩላው ከወንዙ ላይኛው በኩል ቆሞ፣ ከታች የምትጠጣውን ግልገል «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ተረቱ ከኤዞጵ ወደ ላፎንቴን የተሻገረ ነው። የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ»ን የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደግሞ ይህንኑ የጨርጨር አገር ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ለተማሪ ስተነትን ራሴን የማገኘው ሁልጊዜ በግልገሏ በኩል ነበር።

በአሥረኛው ቀን ቆጣሪ አንባቢው አቤቱታዬን ሰምቶ መጣ። ልጅ እግር ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ያስዘጉልኝ» አለ። ተዘጋ። «አሁን ቆጣሪውን ይዩት።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመስታወቱ ሥር ያለችው ትንሿ መዘውር ቀስ እያለች ትዞራለች። ማንም ሳይጠጣ ውሃው ይጠጣል ማለት ነው። መስመሩን ተከትለን ስንሄድ ዘይቱኗ ሥር ደረስን። በዚያ በጋ አገሩ ሁሉ ደርቆ ዘይቱኗ ሥር ያለው ሣር ብቻ ለምልሞ ነበር፤ ለእንግዳ ሁሉ «እጄ ለምለም ነው» እያልኩ አሳይ ነበር። ተቆፈረ፤ አሮጌው ቧንቧ ተሰንጥቋል።

«ከቆጣሪው ወዲህ ያለው መስመር የእርስዎ ነው ጋሼ» አለኝ ልጁ። ሌባው ተገኘ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እኔ ግን ይህን ከስንፍና ብቻ አላየውም። ከሩቅ ሳንሄድ ሐሮማያን አስቡ። የሐረርን ከተማ ያጠጣ የነበረው ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ገበሬው ከተማውን፣ ከተማው የጫቱን ማሳ፣ ሌላው ዝናቡን ይወቅስ ነበር። ፓምፑም፣ ከተማውም፣ ከተራራው የሚወርደው ደለልም እጃቸው ነበረበት። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ መተኛት ጀመረ። ያኔ ግን ሁሉም የሌላውን ጀሪካን ሲቆጥር «የእኔስ ቆጣሪ እየዞረ ይሆን?» ብሎ ጎንበስ ያለ ጥቂት ነበር። ጎንበስ ማለት ከባድ የሚሆነው ጥፋቱ የእኛ ሆኖ ከተገኘ የምንቆጣው ሰው ስለማይኖረን ይመስለኛል።

ቢሉን ከፈልኩ፤ ሕጉም እሱ ነው። የቀረው የዘጠኙ ቀን ዕዳ ነበር። ለካ ሻይ ሻጯ በእነዚያ ቀናት ከባለ አህያዎቹ ጀሪካን በጀሪካን ስትገዛ ከርማለች። ጓጉንቸሩን ፈትቼ በሯ ድረስ ሄድኩ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ያለ ጥፋትሽ ነው የጠረጠርኩሽ» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ምን አጠፉና!» አለች። ለውሃ ያወጣችውን ስሰጣት በስንት ልመና ተቀበለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ያቺ ሴት «አልምርዎትም» ብትል ሌላ ቤት በዚያ ዋጋ የት ታገኛለች? እምቢ ማለት የማይችል ሰው የሰጠው ይቅርታ ይቅርታ ነው? ወይስ ከእኔ ጋር ተስማምቶ ለመኖር የከፈለችው ሌላ ኪራይ? ይህን ጥያቄ ለተማሪ ባወጣው ኖሮ መልሱን አዘጋጅቼ እገባ ነበር። አሁን መልስ የለኝም።

ያለኝ አንድ ልማድ ነው። በየወሩ መጨረሻ ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ እዘጋና ባትሪ ይዤ ቆጣሪው ፊት እቆማለሁ። መዘውሯ አትንቀሳቀስም። የሻይ ሻጯ ልጆች ግን ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ እኔ መስኮት ነው።