ይህ ሣር የመቼ ነው?

ዐይን ያልደረሰበትን ቦታ በግምት መሙላት ውሸት ነው ወይ? ጥያቄውን ያነሣብኝ ፈላስፋ ሳይሆን ጨፋ ሮቢት ያገኘኋቸው አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ ናቸው።

የጨፋን ረግረግ የሚያጠና ወዳጄ ላንድሳት 7 የተባለው ሳተላይት ያነሣውን ምስል በወረቀት አትሞ ይዞ ነበር። ሳተላይቱ ወደ ፊት ሲበርር መስመሩን የሚያቃናለት መሣሪያ ግንቦት 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ያነሣቸው ምስሎች፣ ከመካከላቸው በቀር፣ በጥቁር ሰንበር የተሸነተሩ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ 22 በመቶ ገደማ ጎድሏል። ባለሙያዎች ታዲያ በሌላ ቀን ከተነሣ ምስል ቆርጠው ክፍተቱን ይጥፉታል። ወዳጄም እንዲሁ አድርጎ የቦርከናን ዳር ወጥ አረንጓዴ አስመስሎታል። ሽማግሌው አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ሣር የመቼ ነው?» አሉት።

ወዳጄ ዝም አለ። በበጋ ከአፋር ሳይቀር ከብት ወደዚያ ሣር ይነዳል። የጥቅምትን ሣር በየካቲት ምስል ላይ የሰፋ ሰው፣ ሳያስበው «ለሁሉም ይበቃል» ብሎ መሰከረ ማለት ነው።

እንግዲህ ማረም ይቅር እንበል? አይሆንም። ባሕርን ከኅዋ ለሚያይ መሣሪያ ከሚደርሰው ብርሃን 90 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከአየሩ ነው፤ ያ ካልተቀነሰ የውኃው ቀለም አይታወቅም።

የባሕርን ቀለም እንዲለካ የተሠራውን የመጀመሪያውን መሣሪያ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1978 የመጠቀው ኒምቡስ 7 የኦዞን መለኪያም ነበረው። ቀመሩ ከ180 ዶብሰን በታች የወረደውን ልኬት አጠራጣሪ ብሎ ምልክት ያደርግበት ነበር። እንግሊዞች ግን ከምድር ለክተው፣ በአንታርክቲካ ሰማይ ኦዞኑ ክፉኛ መሳሳቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳወቁ። የሳተላይቱ መዝገብ ሲመረመር ጉድለቱ እዚያው አለ። ሊገኝ የቻለውም ምልክት ተደረገበት እንጂ ስላልተፋቀ ነው። (እኛ ዘንድ ቢሆን ቀድሞ በነጭ ቀለም ይቀባ ነበር ብዬ ማማት ይዳዳኛል።)

ስለዚህ ነውሩ መጣፉ አይመስለኝም፤ ስፌቱን መደበቁ ነው።

ወዳጄ ማታውኑ ከሚሴ ገብቶ፣ ከሌላ ወር የመጣውን ቁራጭ ሁሉ በቀይ መስመር ከብቦ እንደገና አሳተመው። ምስሉ አስቀያሚ ሆነ። በማግስቱ ሽማግሌው ጣታቸውን ከቀዩ መካከል አሳርፈው፣ «እዚህ እዚህ ጋ እኔን ጠይቁኝ» አሉ።