የተጨማደደ ፊት ነውር ነውን?

ሰው የገዛ ፊቱን በመስታወት ወይም በፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር አያየውም። ከጧት እስከ ማታ የሚያዩት ሌሎች ናቸው። በቋንቋችን ከባልንጀራ ጋር ያለን ግንኙነት በፊት የሚነገረውም ስለዚህ ይመስላል፤ የተቆጣ ሰው ፊቱን ቋጠረ፣ የተደሰተ ፊቱ ተፈታ፣ ባልንጀራውን የገፋ ፊት ነሳው ይባላል። እንግዲህ ፊት የባለቤቱ ቢሆንም ለሌሎችም የተሰጠ ነው። ዛሬ ሕክምና ዕድሜ በዚህ ፊት ላይ ያሰመረውን መስመር ለማለስለስ የሚያስችሉ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን አቅርቧል። አገልግሎቱም በውጭ አገር ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባም ይገኛል። ስለዚህ ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው፦ የፊትን መጨማደድ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ማስወገድ ተገቢ ነውን?

ውድ አንባብያን፣ ከመፍረዳችን በፊት ነገሩን እንወቀው። ቆዳን የሚደግፉትና እንደ ልብ እንዲለጠጥ የሚያደርጉት ኮላጅንና ኤላስቲን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህ ከዕድሜ ጋር እየቀነሱና እየደከሙ ይሄዳሉ፤ የፀሐይ ጨረርና ትምባሆ ደግሞ ጉዳቱን ያፋጥኑታል። ጥቁር ቆዳን በውስጡ ያለው ሜላኒን ከጨረሩ በከፊል ስለሚከላከለው፣ መጨማደድ በአብዛኛው ዘግይቶ ይታይበታል። ከዚህም ሌላ በሳቅ፣ በቁጣና በሐሳብ ጊዜ የሚኮማተሩት ጡንቻዎች በላያቸው ያለውን ቆዳ ያጥፉታል፤ እጥፋቱም ከዓመታት በኋላ ፊቱ ባረፈበት ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ ይቀራል።

ከዘዴዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቦቶክስ በሚል የንግድ ስም የሚጠራው መድኃኒት ነው። የሚዘጋጀው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ከሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ መርዙ በዓለም ከሚታወቁት እጅግ ብርቱ መርዞች አንዱ ነው። በጣም በጥቂቱ ተመጥኖ ሲወጋ ግን፣ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይለቀቅ በመከልከል ጡንቻውን ያዝለዋል። አጀማመሩ ለውበት አልነበረም። የሳን ፍራንሲስኮው የዓይን ሐኪም አለን ስኮት ሸውራራ ዓይንን ለማቅናት አጠኑት፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚሁና የዐይን ሽፋን ያለ ፈቃድ ለሚጨፈንበት ሕመም እንዲውል ፈቀደ። በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ሐኪሞች ጂንና አላስቴር ካሩዘርስ፣ መርፌው በቅንድብ መካከል ያለውን መስመር እንደሚያጠፋ አስተዋሉ፤ ጥናታቸውንም እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። በአሜሪካ ለዚሁ መስመር በይፋ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ኃይሉ ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል ብቻ ስለሚቆይ መርፌው መደጋገም ይኖርበታል።

ሌሎችም ዘዴዎች አሉ፤ ሃያሉሮኒክ አሲድን ከቆዳ ሥር በመውጋት ጎድጓዳውን መሙላት፣ የላይኛውን ንጣፍ በኬሚካል ወይም በሌዘር መላጥ፣ ቆዳን ወጥሮ መስፋት። የሁሉም ዋጋ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሚሞላው ንጥረ ነገር በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ፣ እምብዛም ባይደርስም፣ ዓይንን እስከ ማሳወር ይደርሳል። መላጡ በጥቁር ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ለሰው ያልተፈቀደ መርዝ የተወጉ አራት ሰዎች ሰውነታቸው ዝሎ ሆስፒታል ገብተዋል። ስለዚህ ማን እንደሚወጋና ምን እንደሚወጋ ሳያውቁ ፊትን መስጠት፣ ሌላው ምክንያት ሁሉ ቢቀር፣ በገዛ ሕይወት ላይ መቀለድ ነው።

ወደ ሥነ ምግባሩ ጥያቄ ስንመጣ ሁለት የችኮላ መልሶች ያጋጥሙናል። አንደኛው፣ «እግዚአብሔር የሰጠውን መልክ መነካካት ድፍረት ነው» ይላል። ይህ ግን የተሰነጠቀ ከንፈር የሚሰፋውን ሐኪም ሁሉ ያስኮንናል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሃሮልድ ጊሊስ የተባሉት ሐኪም በእንግሊዝ አገር ሲድካፕ በሚገኘው ሆስፒታል ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የፈረሰ ወታደሮችን ሲጠግኑ፣ ለብዙዎች ከሰው ፊት የመቆምን ድፍረት መልሰውላቸዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1958 ለኢጣሊያ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር፣ የአካል ውበት ከእርሱ ለሚበልጡት የሚገዛ ቢሆንም በራሱ መልካም ነገር መሆኑን፣ ሕክምናውም በራሱ ክፉ አለመሆኑን አስረድተዋል። የሚመዘነው የሚደረግበት ሐሳብ፣ ምክንያቱና አደጋው ነው።

እናቶቻችን ኩል ተኩለዋል፣ እንሶስላ ሞቀዋል፣ ጠጕራቸውን ቅቤ ተቀብተዋል፤ ማንም አልነቀፋቸውም። ኩል ይታጠባል፣ መርፌ ግን ይቀራል የሚል ቢኖር፣ ቦቶክስም ከወራት በኋላ እንደሚለቅ ማስታወስ ይገባል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በመድኃኒቱ ውስጥ መፈለግ አያዋጣም። ልዩነት ካለ የሚገኘው በምክንያቱ ነው፤ ኩል የምትኳል ሴት ለበዓልና ለደስታ ትዋባለች፤ መስመሯን የምታስጠፋው ግን ብዙ ጊዜ የምትሸሸው ነገር አለ።

ሁለተኛው የችኮላ መልስ፣ «ገላዬ የራሴ ነው፤ ማንን ይመለከታል?» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ሕፃን የእናቱን ቁጣና ፍቅር ከቃሏ በፊት የሚያነበው ከፊቷ ነው፤ ያዘነ ሰውም መጽናናትን የሚፈልገው አብሮት ከሚያዝን ፊት ነው። ከዚህም በላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ሴቶች ሁሉ ፊታቸውን ቢያስወጥሩ፣ ያላስወጠረችው ከትናንት ይልቅ አርጅታ ትታያለች፤ እርሷ ምንም ሳትለወጥ ደንቡ ተለውጦባታል። የአንዱ ምርጫ ለሌላው ግዴታ የሚሆነው እንዲህ ነው።

በዚህ ረገድ መጽሐፈ አስቴር ልብ ሊባል ይገባል። ወደ ንጉሥ አርጤክስስ የሚገቡት ቆነጃጅት አሥራ ሁለት ወር፣ ስድስቱን በከርቤ ዘይት፣ ስድስቱን በሽቱና በውበት መጠበቂያ ይሰናዱ ነበር። መጽሐፉ በዘይቱ ላይ አይፈርድም፤ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ግን ያሳየናል። ውበቷን ለሕዝብ እንድታሳይ ታዝዛ እንቢ ያለችው ንግሥት አስጢን ከዙፋኗ ወርዳለች። አስቴርም በዚያ ሥርዓት ተሰናድታ ገባች፤ ሕዝቧን ያዳነችው ግን ሳትጠራ በንጉሡ ፊት ለመቆም በመድፈሯ ነው። ዛሬም እንግዳ ተቀባይ ሆና የምትሠራ የሃምሳ ዓመት ሴት እንጀራዋን እንዳታጣ ፈርታ መርፌ ብትወጋ፣ ፍርዱ ከእርሷ ይልቅ ሠራተኛን በቆዳው ልስላሴ በሚመዝነው አሠሪ ላይ ይከብዳል።

እንግዲህ ይህን ሕክምና ለሚያስብ ሰው ሦስት ጥያቄዎችን ለኅሊናው እናቀርብለታለን። ይህን የምፈልገው እኔ ነኝ ወይስ ያስፈራራኝ አለ? ለዚህ የማወጣው ገንዘብ ከልጆቼ ጉሮሮና ከወላጆቼ ጦር የተነጠቀ ነውን? ማንም ባያየኝ ኖሮ አደርገው ነበርን? በቅንነት መልሶ አሁንም ቢፈልገው፣ በብቁ ሐኪም እጅ እስከ ሆነ ድረስ ኃጢአተኛ ብለን ልናሸማቅቀው አይገባም።

ለቀረነው ግን ጥያቄው ይከብዳል። ሽበትና ሽምግልና በእኛ ዘንድ የዕርቅና የምክር ወንበር ነበራቸው። አሁን በየቤታችን አረጋውያን ከጨዋታው ገለል ብለው ሲቀመጡ፣ ሥራ ፈላጊ ስንመርጥ ዕድሜውን አይተን ስናልፈው፣ ሚስት በባልዋ ዘንድ ከወጣቶች ጋር ስትነጻጸር፣ መጨማደድ የሚያስፈራ ነገር ይሆናል። ፊት የነሳናቸው እኛ ሆነን ሳለ፣ ሌላ ፊት ለመግዛት ሲሄዱ ብንታዘባቸው ፍትሕ አይደለም። ያረጀን ሰው ቁጭ ብሎ ማነጋገር፣ ምክሩን መጠየቅ፣ በሥራው መመዘን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሁላችንም ግዴታ ነው።