የሚያውቁት ጭስና የማያውቁት መድኃኒት

ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው ጫት ጅቡቲ ከተማ ሲደርስ የከተማይቱ ሕይወት መልኩን ይለውጣል። በየመንገዱ ዳር ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው የሚሸጡት ሴቶች ናቸው፤ «መብረዝ» በሚባሉት ክፍሎች በርጫ የሚቀመጡት ግን በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ጫት ባለበት ደግሞ ሲጋራ አይጠፋም። ሙቀቱን ለመከላከል በርና መስኮት ሲዘጋ ጭሱ መውጫ ያጣል፤ በዚያው ጣሪያ ሥር ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ብትኖር የጭሱ ተካፋይ መሆኗ አይቀርም። ራሷ የምታጨስ ሴት ብትሆን ደግሞ ነውሩን ስለምትፈራ ብዙውን ጊዜ ሱሷን ከባሏም ከአዋላጇም ትሰውራለች።

እንዲህ ያለች ሴት ሲጋራውን ለመተው ቆርጣ ብትነሣና ስለ ኒኮቲን ምትክ ሕክምና፣ ማለትም በቆዳ ላይ ስለሚለጠፈው ወይም እንደ ማስቲካ ስለሚታኘከው መድኃኒት ብትጠይቅ፣ «ነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ መድኃኒት አትነካም» የሚል መልስ ሊሰጣት ይችላል። መልሱ የጥንቃቄ ድምፅ አለው። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚመስል ሁሉ ጥንቃቄ ነውን? ጥያቄው የሕክምና ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባርም ነው።

ነገሩን ለመመርመር በቅድሚያ ሲጋራና ኒኮቲን አንድ አለመሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእናቲቱ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚነጥቅ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። በእርግዝና ጊዜ ማጨስ ክብደቱ ያነሰ ልጅ ለመውለድ፣ ያለ ጊዜው ለመውለድ፣ ፅንሱም ሞቶ እንዲወለድ ምክንያት እንደሚሆን ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። በምትክ መድኃኒቱ ውስጥ ግን ጭስ የለም፤ ከትምባሆው የቀረው ኒኮቲኑ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ኒኮቲን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የደም ሥርን ያጠባል፤ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ምርምሮችም በማደግ ላይ ያለ አንጎልንና ሳንባን እንደሚጎዳ አሳይተዋል። ስለዚህ በምክርና በድጋፍ ብቻ ማጨስ ማቆም ለምትችል ሴት ከሁሉ የሚሻለው ይኸው ነው። ክርክሩ የሚነሣው ሞክራ ስላልቻለችው ነው።

በእንግሊዝ አገር 1,050 ነፍሰ ጡሮች የተካፈሉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ለሁለቱም ተከራካሪዎች የሚሆን ነገር ይዟል። የኒኮቲን ልጥፍ ያገኙት ሴቶች ኒኮቲን የሌለበት ልጥፍ ካገኙት በጎላ መጠን በልጠው እስከ ወሊድ ድረስ ከሲጋራ አልራቁም። ይሁን እንጂ ልጥፉን ከአንድ ወር በላይ የተጠቀሙበት ከመቶ 7.2 ብቻ ነበሩ። በወሊዱም ወቅት ከመድኃኒቱ የመጣ የባሰ ጉዳት አልታየም፤ እንዲያውም ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ያለ እድገት ጉድለት የመገኘታቸው መጠን በመድኃኒቱ ወገን የተሻለ ነበር። አንድ ጥናት የመጨረሻ ፍርድ ባይሆንም ፍርሃቱን ሚዛን ላይ ያስቀምጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለት የታወቁ አካላት ይህንኑ ማስረጃ መርምረው የተለያየ ቃል ሰጥተዋል። የአሜሪካው የመከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ጥቅሙንና ጉዳቱን ለማመዛዘን ማስረጃው አይበቃም አለ። የብሪታንያው የጤናና የእንክብካቤ ጥራት ተቋም ግን መድኃኒቱ ከምክር ጋር ለነፍሰ ጡር እንዲታሰብላት መከረ። ልዩነታቸውን ዕውቀት ብቻ አይፈታውም፤ እርግጡ ባልታወቀበት ጊዜ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ከዕውቀት አልፎ ይሄዳልና።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል የአበው ብሂል። ብሂሉ የሚያውቁት ሰይጣን ጉዳቱ ሲቻል ይሠራ ይሆናል፤ እዚህ ግን የሚታወቀው ሰይጣን ፅንስ ሲገድል የተያዘ ነው። መድኃኒቱን የሚከለክል ሰው «ከእጄ የሚወጣው ጉዳት የእኔ ነው፤ ሲጋራው ግን የእርሷ ምርጫ ነው» ብሎ ሊሟገት ይችላል። ሙግቱ ከንቱ አይደለም፤ ታማሚ ሐኪሙን የምታምነው እጁ እንደማይጎዳት ስለምታስብ ነው። ነገር ግን ፅንሱ ጉዳቱ ከማን እጅ እንደመጣ አይለይም። «አይሆንም» ማለትም ሥራ ነው፤ ያለውም ሰው ቃሉ ስለሚያስከትለው ተጠያቂ ነው። ደኅንነት ያለ ማነጻጸሪያ የሚለካ ነገር አይደለምና «ይህ መድኃኒት ደኅና ነውን?» ሲባል «ከምን ጋር ሲተያይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። እናቲቱም ጥርጣሬው ሳይሸሸጋት፣ ሁለቱም ጎን ተነግሯት፣ ከሐኪሟ ጋር ልትወስን ይገባታል።

በጡት ማጥባትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኒኮቲን ወደ ወተት ይገባል፤ ሲጋራው የሚያስገባው ግን ከኒኮቲን ጋር ሌላውንም መርዝ ነው፤ ጭሱም ሕፃኑን በአየር ያገኘዋል። የኒኮቲን መጠን በደም ውስጥ በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማስቲካውን ካጠቡ በኋላ ማኘክ እስከሚቀጥለው ጡት ድረስ ፋታ ይሰጣል። ሱሷን ፈርታ ጡት የምትነሣ እናት ግን ልጇን ከትልቁ ጥቅም ትለየዋለች።

ይህ ሁሉ ሸክም ታዲያ ለምን በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ብቻ ይወድቃል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ በእርግዝና ጊዜ ስለሚወሰደው የኒኮቲን ምትክ ከመወሰን ሲቆጠብ፣ ቤቶች ከጭስ ነጻ እንዲሆኑና ባሎችም ሌሎች የቤተሰቡ አባላትም እንዲመከሩ ግን አሳስቧል። ጅቡቲ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2005 አጽድቃለች፤ ይሁን እንጂ የመኖሪያ ቤቱን በርጫ ሕግ ገብቶ አይበትነውም። ጫቱም ቢሆን ከደሙ አይርቅም፤ የመን ውስጥ በተደረገ ምርምር የጫት ቅመም ከሚቅሙ እናቶች ወተት ውስጥ ተገኝቷል፤ ለእርሱ ደግሞ እንደ ኒኮቲኑ ያለ የታወቀ ምትክ የለውም።

ስለ ደኅንነቱ ማንም የማይጠራጠረው መፍትሔ ሌላው ሰው ሲጋራውን ከደጅ እንዲያጨስ ወይም ጨርሶ እንዲተው ነው። ይህ ጥናት አይጠብቅም፤ የሚጠይቀው የባልን፣ የወንድምንና የእንግዳን ፈቃድ ብቻ ነው። ነፍሰ ጡሯ ስለ አንዲት ልጥፍ ያን ያህል ከተጠየቀች፣ በተዘጋው ክፍል ክብሪት የሚጭረው ሰው ከእርሷ በፊት መጠየቅ አለበት።